«ካሳ» የሚባል ልጅ ለምን ጠፋ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ለአዲስ ወላጆች ብላችሁ ያወጣችሁትን የስም ገጽ አነበብኩት። ናታን፣ ናሆም፣ ኖላዊ፣ ባሮክ፣ ኢዮስያስ... ደስ የሚሉ ስሞች ናቸው፤ በአንዳቸውም ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅር ያለኝ ከገጹ ግርጌ በሳጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁት ነው። «ጊዜ ያለፈባቸው የወንድ ስሞች» ትልና ከሁሉ በፊት ካሳን ትጽፋለች። ለምን እንዳለፈበት፣ መቼ እንዳለፈበት፣ ማን እንደወሰነበት አንድ መስመር የላትም።

አባቴ ካሳ ይባላል። በዚያ ላይ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በአማርኛ መምህርነት ነው፤ የክፍል ኃላፊ እየሆንኩ በየጠዋቱ ስም ስጠራ ኖሬያለሁ። ይህ ስም ከተማሪዎቼ ዝርዝር ውስጥ እንዴት ቀስ እያለ እንደወጣ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ደብዳቤዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

በመጀመሪያ ስሙ ከየት እንደመጣ። ካሳ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የበደለ ይክሳል፣ የተጎዳ ይካሳል። ሰዎች የማያስተውሉት ግን ስሙ ሲወጣ ተካሹ ማን እንደሆነ ነው። ልጁ አይደለም። እናት ናት፣ አባት ነው፣ አንዳንዴም ቤተሰቡ በሙሉ። ልጅ ሞቶባቸው ቀጥሎ የተወለደውን ካሳ ይሉታል። አባቱ ዘምቶ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ወይም ታሞ አርፎ፣ ከእሱ ሞት በኋላ የተወለደ ልጅም ካሳ ይባላል። ከብቱ አልቆ፣ ቤቱ ተቃጥሎ፣ በዚያው ክፉ ዓመት የተወለደም አለ። እግዜር ካሰኝ ነው ነገሩ። ወላጅ ይህን ለጎረቤት እየዞረ አይናገርም፤ ስም አውጥቶ ይቀመጣል፤ የሰማ ሁሉ ይረዳዋል።

ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ካሴ፣ መካሻ፤ ለሴት ደግሞ ካሳነሽ። ከዚያ ወዲህ ምትኩ፣ ተካ፣ ተተካ፣ ማስረሻ አሉ፤ እነዚህም ከሐዘን በኋላ የሚወጡ ስሞች ናቸው። ትግርኛ ተናጋሪዎች ካሕሳይ ይላሉ፣ «የእኔ ካሳ» እንደማለት፤ በትግራይና በኤርትራ እጅግ የታወቀ ስም ነው። ከእነዚህ ሁሉ እኔ ለካሳ አደላለሁ። አባቴ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማስረሻ እንዲያስረሳ ይጠበቅበታል፤ ካሳ ግን የጠፋው እንዳልተረሳ አምኖ የሚወጣ ስም ነው።

የአባቴን ነገር ላጫውታችሁ። አያቴ ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ልጆች አልቆሙላትም። ሰፈሩ «ሾተላይ አለባት» ይል ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣምን ነው፤ የእናትየው ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣው ችግር ሲሆን በመርፌ መከላከል ይቻላል። ድሮ ግን ልጅ በተከታታይ የሚሞትባት ሴት ሁሉ ሾተላይ ይሏት ነበር፤ ኩፍኝ ይሁን፣ ትክትክ ይሁን፣ ተቅማጥ ይሁን ማን ለይቶት። አባቴ ሲወለድ ታዲያ ሴቶቹ ተሰብስበው መከሩ። አንድ ጆሮው ተበሳ። ትንሽ የብር ሎቲ ተደረገለት። ሞት እንዳያውቀው ነው አሉ። ስሙንም ካሳ አሉት። የጆሮው ቀዳዳ ከተደፈነ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ግን ፀጉሩን ሲቆረጥ ጠጋ ብሎ ላየው ምልክቱ አሁንም አለ።

አያቴ «ካሳ» ብላ ጠርታው አታውቅም፤ ካልተቆጣች በቀር «ካሳዬ» ነበር። ስንት ልጅ አለሽ ሲሏትም አባቴንና ከእሱ በኋላ የመጡትን ብቻ አትቆጥርም ነበር። የሞቱትንም በየስማቸው ትቆጥራለች። ሰው ግራ ይገባው ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ግራ ይገባኝ ነበር፣ ያላየኋቸው አጎቶች አሉኝ ማለት ነው ወይ ብዬ። እንግዲህ በእኛ ቤት ይህ ስም ሲጠራ እነዚያም አብረው ይታወሱ ነበር።

ወደ ታሪክ ስንመለስ፣ በእናንተ ሳጥን ውስጥ ጊዜ አልፎበታል የተባለው ስም ከ35 ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ይህችን አገር ሁለት ጊዜ ገዝቷል። የመጀመሪያው የቋራው ካሳ ኃይሉ ነው፣ በ1811 ገደማ የተወለደው። አባቱ በልጅነቱ ሞቱበት፤ ባላጋራዎቹ እናቱን ኮሶ ሻጭ እያሉ ሰደቡበት፤ እሱ ግን ኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ የካቲት 1847 ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ፣ እዚያው ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ሁለተኛው የተንቤኑ ካሳ ምርጫ ነው። ሐምሌ 1863 አድዋ አጠገብ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነሥቶ ጥር 1864 አክሱም ላይ ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆነ። አባ ታጠቅ ካሳ፣ አባ በዝብዝ ካሳ። ሁለቱም ከፈረሳቸው ስም ጋር እንዲህ ነው የሚጠሩት።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የእነዚህ የሁለቱ ካሳዎች መገናኛ ነው። በ1860 እንግሊዞች ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲወጡ የትግራዩን መንገድ የለቀቀላቸው ካሳ ምርጫ ነበር፤ ሲመለሱም መድፍና ጠመንጃ ትተውለት ሄዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ካሳ ኃይሉ በገዛ ሽጉጡ ሞተ። ያ የተገኘው መሣሪያ ደግሞ ሌላውን ካሳ ለዘውድ አበቃው። እሱም በበኩሉ መጋቢት 1881 መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጋ ቆስሎ አረፈ፤ ራሱን ቆርጠው ወደ ኦምዱርማን ወሰዱት። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «መምህር፣ ሁለቱም ካሳ ከነበሩ ዛሬ ለምን ካሳ የሚባል ልጅ የለም?» አለኝ። የዚህን ደብዳቤ ርዕስ ከእሱ ነው የወሰድኩት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ሁለቱም ሲነግሡ ካሳን ትተው የንግሥና ስም ያዙ። ሕዝቡ ግን አልተወውም። ቴዎድሮስ ከነገሠም፣ ከሞተም በኋላ በአዝማሪው አፍ «መይሳው ካሳ» ነው። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። የንጉሡን ጀግንነት የሚወድ ወላጅ ልጁን ቴዎድሮስ ይለዋል፤ በአንድ ክፍል ሁለትና ሦስት ቴዲ ነበረኝ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ስትጠራው የኖረችው ስም ግን የሚወርሰው አጣ። ቴዎድሮስን ያህል ሰው ወደን የቤት ስሙን የሽማግሌ ስም ነው ብለን መግፋታችን እኔን ከልቤ ያሳዝነኛል።

ከነገሥታቱ በኋላም ስሙ አልከሰመም። ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ ዳርጌን አስቡ። የሰላሌው ገዢ፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተከበሩ ሰው፣ በ1928 ከራስ ሥዩም ጋር በተንቤን ግንባር የተዋጉት። የእሳቸውን ታሪክ ሳነብ ስማቸው ይከብደኛል። በ1929 ወንድወሰን፣ አበራና አስፋወሰን የሚባሉ ሦስት ልጆቻቸውን ጣሊያኖች ገደሉባቸው። አንዱ አሥራተ ተረፉ፤ እሳቸውም አባታቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ሆነው የመሩትም ልጅ ካሳ ወልደማርያም ናቸው፤ እሳቸውንም ደርግ ገድሏቸዋል። እንግዲህ በ1950ዎቹ ካሳ የባላገርም የምሁርም የመኳንንትም ስም ነበር። የአንድ ወገን ወይም የአንድ መደብ ስም ሆኖ አያውቅም። ሞት ቤቱን ያልጎበኘው ሰው ስላልነበረ ነዋ።

ታዲያ ለምን ጠፋ? ሰው ሁሉ «ፋሽን ነው» ይላል። ፋሽን አለበት፣ እሱን አልክድም። ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል፣ እሱም የሚያስደስት ነው። ልጆች መሞት ቀነሱ። በአገራችን በ1992 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ ብሎ ነበር። ከስድስት አንድ ማለት ነው። በ2008 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ይህ የሆነው በክትባቱ ነው፣ በየቀበሌው በወጡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው፣ በጤና ጣቢያው ነው። ልጅ ያልሞተባት እናት ካሳ የምትለው ልጅ ከየት ታመጣለች? አያቴ ይህን ብታይ እልል ትል ነበር። ስለዚህ ስሙ በዚህ ምክንያት ቢቀንስ ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም እሰየው ነው። እናንተ ይህን ጽፋችሁ ቢሆን ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩም።

ሌላው የከተማው ጣጣ ነው። ካሳ የሚለው ቃል ዛሬ የሚሰማው ቢሮ ውስጥ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬት ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ወጣ፣ ከዚያ በእሱ ፈንታ 1161/2011 መጣ፤ ቤቱ የሚነሣበት ሰው ቀኑን ሙሉ «የካሳ ክፍያ፣ የካሳ ግምት፣ የካሳ ቅሬታ» ሲል ይውላል። መኪና ተጋጭቶ ኢንሹራንስ ሲሄድም ካሳ ነው። ቃሉ ከአራስ ቤት ወጥቶ ፋይል ውስጥ ገባ። ልጆች ደግሞ ልጆች ናቸው። ካሳ የሚባል ልጅ ካገኙ «የካሳ ክፍያህን ወሰድክ ወይ» ይሉታል። አንድ ካሳሁን የሚባል ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ፤ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ «ካስዬ» በሉኝ አለ፣ ቆይቶ ደግሞ «ኬ» ሆነ። ደብተሩ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ መጻፍ ጀመረ። ጠርቼ አነጋገርኩት። ስሙ ለምን እንደወጣ ጠይቆ አያውቅም ነበር።

ዘመንም አለ። በንጉሡ ጊዜ ያለው ሌላ፣ በአብዮቱ ጊዜ አብዮትና ትግሉ የሚባሉ ልጆች መጡ፣ ከዚያ ዳዊት፣ ሰሎሞን፣ ዳንኤል በዙ፣ ቀጥሎ ናትናኤልና ዮናታን፣ አሁን ደግሞ እናንተ የዘረዘራችኋቸው። ወላጅ የሚያስበው ልጁ ፓስፖርት ሲያወጣ ፈረንጅ በቀላሉ የሚጠራው ስም ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተገኘ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ያስማማል። ይህን አልወቅስም። የሚያሳስበኝ በመሃል አገር በየቀልዱ፣ በየድራማው፣ የዘበኛው ወይም ከገጠር የመጣው ሰው ስም ሁልጊዜ ካሳ፣ ማሞ፣ በላቸው፣ ደምሴ መሆኑ ነው። ሰው ከሳቀ በኋላ ያንን ስም ለልጁ አያወጣም። ካሳ ፋራ የሆነው በዚህ በኩል ነው እንጂ በራሱ ጥፋት አይደለም።

አሁን ስለ ስም መጥሪያው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩን ያየሁት እዚያ ላይ ነው። የተማሪ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተብሎ ሦስት ተከፍሎ ነው የሚጻፈው። ሥራ ስጀምር ካሳ ከፊት ነበር። «ካሳ!» ስል «አቤት!» የሚል ልጅ ነበረ። ዓመታት ሲያልፉ ወደ መሃል ገባ፤ ዳንኤል ካሳ፣ ሄኖክ ካሳ፣ ሰላማዊት ካሳ። አባቶቹ ናቸው እንግዲህ። ጡረታ ልወጣ ስል መጨረሻ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ናሆም ዳንኤል ካሳ። ከአያት በኋላ ቦታ የለም። ናሆም ልጅ ሲወልድ እሱ ወደ መሃል ይገባል፣ ዳንኤል ወደ መጨረሻ፣ ካሳ ከወረቀቱ ላይ ይወድቃል። የእኛ የስም ሥርዓት እንዲህ ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም፣ እያንዳንዱ ስም ሦስት ትውልድ ተጉዞ ይወርዳል። ስሙን ዳግመኛ ለልጅ የሚያወጣ ካልተገኘ በአንድ ቤት ውስጥ መቶ ዓመት አይቆይም።

ይህን ካስተዋልኩ በኋላ በየዓመቱ መጀመሪያ ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ እሰጥ ነበር። የአያታችሁ ስም ለምን እንደወጣ ጠይቃችሁ ኑ። አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ፤ አባትም አያውቅም። አንዳንዱ ግን የሚያመጣው ነገር! አንድ ልጅ አያቱ ካሳ የተባሉት በ1911 የኅዳር በሽታ ታላላቆቻቸው ካለቁ በኋላ ስለተወለዱ እንደሆነ ሰምቶ መጣ። ያ ወረርሽኝ በመላው ዓለም የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ አዲስ አበባን ክፉኛ የመታበት ወር ኅዳር ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። ኅዳር ሲታጠን እየተባለ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለውም የዚያ መታሰቢያ ነው። ልጁ ጭሱን በየዓመቱ ያየዋል፣ ያስለዋል፣ ከአያቱ ስም ጋር ይገናኛል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። በታሪክ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ የሆነው ነገር እሱ ቤት ውስጥ ስም ሆኖ ተቀምጧል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ጋ ደግሞ የተለየ ነገር ሆነ። እዚያ የቤተሰብ ስም ግዴታ ስለሆነ የአባት ወይም የአያት ስም በአንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይቀራል። አሜሪካ የገባ የካሳ ልጅ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ካሳ ተብለው ይቀጥላሉ። እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ይበልጥ ያስገርማሉ። በ1977 ከሱዳን፣ ከዚያ በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲወሰድ፣ ብዙዎቹ ልጆች እዚያ ሲደርሱ በትምህርት ቤትና በመቀበያ ጣቢያ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸዋል። የራሳቸው ስም ተቀይሮ የአያታቸው ስም ግን የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ካሳ የሚባል የቤተሰብ ስም ያለው እስራኤላዊ ታገኛላችሁ፣ በአዲስ አበባ አንደኛ ክፍል ግን ካሳ የሚባል ልጅ ማግኘት ይቸግራል። ስሙ ባሕር ማዶ መኖሪያ አገኘ፤ ችግሩ ግን እዚያ የሚጠራው ሰው ማን እንደተካሰበት አያውቅም።

የምቀበለው ተቃውሞ አለ፣ እሱን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። የቀድሞ ተማሪዬ የነበረች፣ ዛሬ የልጆች እናት የሆነች ሴት ይህን ሐሳቤን ሰምታ «መምህር፣ ልጄ የራሱን ሕይወት ይዞ ይምጣ፤ የሌላ ልጅ መታሰቢያ እንዲሆን አልፈልግም» አለችኝ። ከባድ ቃል ነው፣ ልክም ነው። ሕፃን ልጅ የወላጆቹን ሐዘን ተሸክሞ ይደግ የሚል ሰው አይደለሁም። አባቴን ይህንኑ ጠየቅኩት፤ ከብዶህ ያውቃል ወይ ብዬ። «ምን ይከብደኛል» አለኝ። «እኔ እኮ ተለምኜ የመጣሁ ልጅ ነኝ። ስሜን የሰማ ሁሉ ያን ያውቃል።» ሁሉም ካሳ እንደ አባቴ ያስባል ማለት አልችልም። ግን ከውጭ ሆነን ሐዘን ነው ያልነውን እሱ ከውስጥ ሆኖ መፈለግ አድርጎ ኖሮበታል።

ደግሞ ሞት ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ዛሬም ሆስፒታል ገብታ ባዶ እጇን የምትወጣ እናት አለች። ስትመጣ ምን እንላታለን? «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ።» ከዚያ ወሬ እናስቀይራለን። ስለሞተው ሕፃን ማንሣት ነውር ሆኖ ይቆያል። ሌላው ሲወለድም ያኛው እንዳልነበረ ይሆናል። ድሮ ሴቲቱ ምንም ሳትናገር የልጇ ስም ይናገርላት ነበር፤ ቄሱም ጎረቤቱም ዕቁብተኛውም ካሳ ብሎ በጠራ ቁጥር አንድ ነገር እንደደረሰባት ያውቃል። በዚያ ፈንታ ምን ተካን? እስካሁን ያየሁት ነገር የለም።

ሰው ሁሉ ልጁን ካሳ ይበል አልልም። የምለው ሦስት ነገር ነው። ያቺን ሳጥን አስተካክሉልን፤ «ጊዜ ያለፈባቸው» ከማለት «የድሮ ስሞች» በሏትና ከእያንዳንዱ አጠገብ ስሙ የሚወጣበትን ምክንያት በአንድ መስመር ጻፉ። ወላጆች ደግሞ አያት ካሳ የሚባል ካላችሁ እና ልጃችሁን ናታን ማለት ከፈለጋችሁ፣ በሉት፤ ቤት ውስጥ ግን ካስዬ ብላችሁ ጥሩት፣ ካሳሁንንም አስቡበት፣ የክርስትና ስሙም እኮ ለብቻው አለ፣ አንድ ልጅ ሁለትና ሦስት ስም መያዝ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሦስተኛው ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ቦታ ስጡን። አንባቢ የአያቱን ስም እና ስሙ የወጣበትን ምክንያት በአራትና በአምስት መስመር ይላክ። ምትኩ ማንን ተካ፣ ማስረሻ ምን አስረሳ፣ ዘመቻ ሄዶ ያልተመለሰው ማን ነበር፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ እንስማ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ናቸው የሚያውቁት፤ ብዙ ጊዜ የለንም።

ተማሪዎቼ ከየቤታቸው ያመጧቸውን መልሶች የጻፍኩበት ደብተር እጄ ላይ አለ። ከተስማማችሁ የባለቤቶቹን ማንነት ትቼ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሆኑትን መርጬ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር፣ አዲስ አበባ